ጠይቁን፦ ያ ራዲዮ የማን ነበር?

ባለፈው ጊዜ በዚህ ዓምድ ስለ ኤድመንተኑ ሲኬዩኤ ራዲዮ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው ጥያቄ ብዛት ሌላ ነገር እንዳላነሳ አደረገኝ። ደስም ብሎኛል፤ እኔ ራዲዮ የምወድ ሰው ነኝ፣ ወሬውን ከጀመርኩ አላባራም። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ለምዕራብ ካናዳ ራዲዮ ጣቢያዎች ሰጥቼዋለሁ። አራቱን ፕሮቪንሶች (ክፍለ ሀገሮች)፣ ማኒቶባን፣ ሳስካችዋንን፣ አልበርታንና ብሪቲሽ ኮሎምቢያን ማለቴ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። ኤድመንተን ታክሲ እነዳለሁ። ዓመታት ሙሉ 1260 ላይ የሆኪ ወሬ እየሰማሁ ነበር ሌሊቱን የማነጋው። አንድ ቀን ስከፍተው ጭጭ። የመኪናዬ ራዲዮ የተበላሸ መስሎኝ ብዙ ነካካሁት። ለምንድን ነው የዘጉት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መኪናህ ደህና ነው። የተዘጋው ጣቢያው ነው። ጁን 14 ቀን 2023 ባለቤቱ የሆነው ትልቅ የስልክና የኢንተርኔት ኩባንያ በአንድ ቀን ስድስት የኤኤም ጣቢያዎችን ዘጋ። ከስድስቱ አምስቱ ምዕራብ ካናዳ ነበሩ፤ ቫንኩቨር ሁለት፣ ካልጋሪ አንድ፣ ኤድመንተን አንድ፣ ዊኒፔግ አንድ። ያንተ 1260 ከእነዚህ አንዱ ነው።

ምክንያቱ ገንዘብ ነው። የኤኤም ማሰራጫ ብዙ ይበላል። ረጅም የብረት ምሰሶ ይፈልጋል፣ ምሰሶው ሰፊ መሬት ይፈልጋል፣ ከመሬቱ ሥር ደግሞ ዙሪያውን የመዳብ ሽቦ ይቀበርለታል፣ የመብራቱም ሂሳብ ቀላል አይደለም። ማስታወቂያ ሰጪው ወደ ኢንተርኔት ሄዷል። ሙዚቃ የሚፈልገው አድማጭ ወደ ኤፍኤም ከዞረ ዘመን አልፏል። አንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪና ፋብሪካዎችም ሞተሩ ድምፁን ስለሚረብሸው ኤኤሙን ጭራሽ ከመኪናው አውጥተውታል።

ይህ ሁሉ ይገባኛል። ያሳዘነኝ የጣቢያዎቹ ዕድሜ ነው። ያንተ 1260 የተጀመረው በ1934 ነው፤ ስሙ ሲኤፍአርኤን ነበር። የመሠረተው ዲክ ራይስ ከዚያ በፊት በኤድመንተኑ ሲጄሲኤ የሠራ፣ ራዲዮን ከጥንስሱ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ነው። ካልጋሪ የተዘጋው 1060 ደግሞ የድሮው ሲኤፍሲኤን ነው። በ1922 ነው የተጀመረው። መቶ አንድ ዓመት ማለት ነው። በመጨረሻ ቀልድ ብቻ የሚያሰማ ጣቢያ ሆኖ፣ ስሙም ተቀይሮ ስለነበር የትኛው ጣቢያ እንደተዘጋ ልብ ያለው ሰው ብዙ አይደለም። ስለ እሱ ዝቅ ብዬ የምነግርህ አለ። የአልበርታ መንግሥት የተገለበጠው በዚያ ጣቢያ ማይክሮፎን ነው፤ በምርጫ ማለቴ ነው፣ ግን ተገለበጠ።

ጥያቄ፦ ዊኒፔግ ነኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ድሮ እዚህ አገር ራዲዮ የነበራቸው ጋዜጦች፣ የስልክ ድርጅትና ባቡር ናቸው አለኝ። እየቀለደ መሰለኝ። ጋዜጣ ራዲዮ ምን ያደርግለታል? ባቡርስ?

መልስ፦ ባልደረባህ አልቀለደም። እንዲያውም ምዕራብ ካናዳ ውስጥ የራዲዮ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የፌዴራል መንግሥቱ የመጀመሪያዎቹን የንግድ ራዲዮ ፈቃዶች የሰጠው በ1922 የጸደይ ወራት ነው። በዚያው ዓመት ጣቢያው እንደ እንጉዳይ ፈላ። ኤድመንተን ላይ ሲጄሲኤን ሜይ 1 ቀን የጀመረው የኤድመንተን ጆርናል ጋዜጣ ነው። ሬጃይና ላይ ሲኬሲኬን ጁላይ 29 ቀን የጀመረው የሬጃይና ሊደር ጋዜጣ ነው። የካልጋሪ ሄራልድም የራሱን ከፈተ። ያንተ ከተማም ሁለቱ ትልልቅ ጋዜጦች እየተሽቀዳደሙ አንዳንድ ጣቢያ ነበራቸው። ጋዜጦቹ ከራዲዮው ቀጥታ ትርፍ አልጠበቁም። ጋዜጣው የዘመኑ ሰው ነው እንዲባል፣ ስሙ በየቤቱ እንዲጠራ ፈልገው ነው። ደግሞም አስበው፣ ገበሬው ከባቡር ጣቢያ ብዙ ርቆ ነው የሚኖረው። ጋዜጣው የሚደርሰው ከቀናት በኋላ ነው። የስንዴ ዋጋን በዚያው ቀን የሚነግረው ሳጥን ቤቱ ሲገባ ያንን ሳጥን የላከለትን ሰው አይረሳም።

ወጪው ግን ከበዳቸው። የዊኒፔግ ጋዜጦች ብዙም ሳይቆዩ ራዲዮውን ተዉት፤ ቦታውን የማኒቶባ መንግሥት የስልክ ድርጅት ያዘው። ሲኬዋይ ማርች 13 ቀን 1923 ሥራ ጀመረ። በካናዳ የመጀመሪያው የሕዝብ ንብረት የሆነ ጣቢያ እሱ ነው። በዚያ ዘመን ራዲዮ ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ በዓመት 1 ዶላር የፈቃድ ክፍያ ለፌዴራል መንግሥቱ ይከፍል ነበር፤ ማኒቶባ ተደራድራ ከፕሮቪንሷ ከሚሰበሰበው ግማሹ ለጣቢያው እንዲመለስ አደረገች። ጣቢያው በ1948 ለሲቢሲ፣ ለካናዳ የሕዝብ ስርጭት ድርጅት፣ ተሸጠ። ያ የፈቃድ ክፍያ ደግሞ እየጨመረ ሄዶ በ1953 ነው የቀረው።

ሲኬዋይ በተከፈተ ማግስት፣ ማርች 14 ቀን 1923፣ ሬጃይና ላይ ፒት ፓርከር የሚባል ሰው በሲኬሲኬ አንድ የፕሮፌሽናል ሆኪ ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቀጥታ አስተላለፈ። ሬጃይና ከኤድመንተን ነበር የተጫወቱት። ቶሮንቶዎች ከዚያ በፊት በፌብሩዋሪ አስተላልፈን ነበር ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ግን የጨዋታውን የመጨረሻ ክፍል ብቻ ነበር። ሙሉ ጨዋታ ካልን ክብሩ የሬጃይና ነው። በዚህ እኔ አልደራደርም።

ባቡሩ ደግሞ ካናዲያን ናሽናል ነው። የኩባንያው አለቃ ሰር ሄንሪ ቶርንተን ከ1923 ጀምሮ የራዲዮ ክፍል አቋቋሙ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከምሥራቅ እስከ ፓስፊክ ድረስ ባቡር ላይ ቀናት የሚያሳልፍ መንገደኛ ይሰለቸዋል፤ ስለዚህ በፉርጎው ውስጥ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ሙዚቃ ይስማ። ባቡሩ በሚያልፍባቸው ከተሞች ኩባንያው ከሌሎች ጣቢያዎች ሰዓት ይከራይ ነበር። የሚገርመው ሰዓቱ ሲደርስ ጣቢያው ስሙን ይቀይራል። ካልጋሪ ላይ ያው ማሰራጫ፣ ያው ምሰሶ፣ ግን ለዚያች ሰዓት የባቡሩ ጣቢያ ይሆናል። ቫንኩቨር ላይ ግን ኩባንያው የራሱ ጣቢያ ነበረው፤ ድራማ እስከ መሥራት የደረሰ የራሱ የተዋንያን ቡድንም ነበረው። ጁላይ 1 ቀን 1927 የካናዳ 60ኛ ዓመት ሲከበር የአገሪቱን ጣቢያዎች በሽቦ አገናኝቶ አንድ በዓል ባንድ ጊዜ ለሁሉም ማሰማት የተቻለው በባቡር ኩባንያዎቹ የቴሌግራፍ መስመር ጭምር ነው። በኋላ የኢኮኖሚው ችግር ሲመጣ ኩባንያው ከራዲዮ ወጣ፤ ዕቃዎቹን አዲስ የተቋቋመው የመንግሥት የራዲዮ ኮሚሽን በ50,000 ዶላር ገዛቸው። ያ ኮሚሽን ነው በ1936 ሲቢሲ የሆነው።

እና ጋዜጣ፣ ስልክ፣ ባቡር። ርቀትን የሚሸጡ ሰዎች ናቸው ሁሉም። ራዲዮ እነሱ እጅ መውደቁ አይገርምም።

ጥያቄ፦ የጣቢያዎቹ ስም ለምን በሲ ይጀምራል? ትርጉም አለው?

መልስ፦ አዎ፣ አብዛኛው አለው። በዓለም አቀፍ ስምምነት ለካናዳ ከተሰጡት መነሻ ፊደሎች መካከል ሲኤፍ፣ ሲኤች፣ ሲጄ እና ሲኬ አሉ። ቀሪው የባለቤቱ ምርጫ ነው። የሲኬዩኤ ዩኤ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሲኤፍአርኤን አርኤን ራይስና ኒልሰን ናቸው፣ ሁለቱ መሥራቾች። የዊኒፔጉ ሲጄኦቢ በ1946 የከፈተው የጄ. ኦ. ብሊክ ስም ነው። ሲኬኤንደብሊው ኒው ዌስትሚንስተር የምትባለዋን ከተማ ነው የያዘው። ሲቢሲ ብቻ በሲቢ ይጀምራል፤ ሲቢ ግን በስምምነቱ የቺሊ ነው። ካናዳ ነች የምትጠቀምበት።

ጥያቄ፦ ለአዘጋጁ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ካልጋሪ ከልጆቼ ጋር ነው የምኖረው። አንድ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ራዲዮ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ እያስተማረ የአልበርታ መሪ ሆነ የሚል ነገር አነበብኩ። የሙያ ባልደረባዬ ስለሆነ ዝርዝሩን ባውቅ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ። እውነት ነው። ሰውየው ዊልያም አበርሃርት ይባላሉ። ከኦንታሪዮ የመጡ ናቸው፤ ካልጋሪ ውስጥ የክሬሰንት ሃይትስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ። እሑድ እሑድ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምሩ ነበር፤ ሰዉ እየበዛ ሲሄድ ትያትር ቤት ተከራዩ። በ1925 መጨረሻ ትምህርታቸው በሲኤፍሲኤን መተላለፍ ጀመረ።

እንግዲህ ይህ ሲኤፍሲኤን ከላይ ለታክሲ ነጂው ወንድማችን የነገርኩት ጣቢያ ነው። የመሠረተው ደብሊው. ደብሊው. ግራንት ራዲዮ እየሠራ የሚሸጥ ባለሙያ ነበር። ጣቢያው ራሱን የሜዳው አገር (የአልበርታ፣ የሳስካችዋንና የማኒቶባ) ድምፅ እያለ ይጠራ ነበር፤ ጉልበቱም ከጊዜው አንጻር ትልቅ ስለነበር አልበርታን አልፎ ሳስካችዋን ይገባል። ሳስካችዋን ውስጥ፣ ሮዝታውን አካባቢ፣ አንድ የገበሬ ልጅ ቤተሰቡ በገዛው ራዲዮ ይህን ስብከት ሰማ። ልቡ ተነካ። ካልጋሪ ድረስ መጣ፤ አበርሃርት በ1927 የከፈቱት የመጽሐፍ ቅዱስ ተቋም የመጀመሪያው ተማሪ ሆነ። ልጁ ኧርነስት ማኒንግ ነው። ስሙን ልብ ይበሉልኝ።

ከዚያ የ1930ዎቹ ችግር መጣ። ድርቁ አፈሩን አነሳው። የስንዴ ዋጋ ወደቀ፤ ገበሬው ለባንክ የሚከፍለው አጣ። አበርሃርት በ1932 ሶሻል ክሬዲት የሚባለውን የኢኮኖሚ ሐሳብ አነበቡና ከስብከታቸው ጋር እያያያዙ በራዲዮ ማስተማር ጀመሩ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ዕቃ ሞልቷል፣ የጠፋው የሚገዛበት ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ መንግሥት ለእያንዳንዱ አዋቂ ሰው በወር 25 ዶላር ይስጥ። ለዚህ ብለው የራዲዮ ድራማ ሳይቀር ሠሩ፤ ከማርስ የመጣ እንግዳ ሀብታም መሬት ላይ ሰው ለምን ይራባል ብሎ ሲጠይቅ የሚሰማበት። እርስዎ መምህር ስለሆኑ ይገባዎታል፣ ከባድ ነገር በጥያቄና መልስ ሲቀርብ እንዴት እንደሚቀል።

ጋዜጦቹ ተቃወሟቸው። ነጋዴው ተቃወማቸው። እሳቸው ግን ጋዜጣ አላስፈለጋቸውም፤ በየቤቱ ማዕድ ቤት እሑድ ከሰዓት በኋላ ድምፃቸው ነበር። ኦገስት 22 ቀን 1935 በተደረገው ምርጫ ያ አዲስ ፓርቲ ከ63 መቀመጫ 56ቱን ወሰደ። አበርሃርት ራሳቸው ለመቀመጫ አልተወዳደሩም ነበር፤ የፕሮቪንሱ መሪ ከሆኑ በኋላ ነው በማሟያ ምርጫ የገቡት። የ25 ዶላሩ ነገር አልተሳካም። ገንዘብና ባንክ የፌዴራል መንግሥቱ ሥልጣን ስለሆነ ሕጎቻቸው ውድቅ ተደረጉባቸው።

በ1943 አረፉ። የተኳቸው ያ በራዲዮ ሰምቶ የመጣው የገበሬ ልጅ ነው። ማኒንግ እስከ 1968 ድረስ አልበርታን መሩ፤ እየመሩም የእሑዱን የራዲዮ ስብከት አላቋረጡም። ከአንድ የቤት ራዲዮ የተነሳ፣ የአበርሃርት ዘመን ተደምሮ፣ 33 ዓመት የአንድ ፕሮቪንስ አስተዳደር። እኔ ስለ ራዲዮ ኃይል ሰው ሲጠይቀኝ የምነግረው ይህንን ነው። በጎም ክፉም ሊሆን ይችል ነበር፤ ድምፅ ብቻውን ቤት ሲገባ ሰው በሩን አይዘጋበትም።

ጥያቄ፦ ሳስካቱን ውስጥ አረጋውያን ቤት ለቤት እየሄድኩ እንከባከባለሁ። አንድ የዘጠና ዓመት አባት አሉኝ፤ ራዲዮናቸው 540 ላይ ነው፣ ማንም እንዲነካው አይፈልጉም። “ይሄ ከዋትረስ ነው የሚመጣው፣ ከአልጋዬ በላይ አውቀዋለሁ” ይሉኛል። ዋትረስ ምንድን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እሳቸውን በደንብ ያዥልኝ። ዋትረስ ከሳስካቱን በስተደቡብ ምሥራቅ ያለች ትንሽ ከተማ ነች። ሲቢሲ ጁላይ 29 ቀን 1939 እዚያ ሲቢኬ የሚባለውን ማሰራጫ ከፈተ። ጉልበቱ 50,000 ዋት ነው። ለሜዳው አገር በሙሉ የታሰበ ነበር።

ለምን ትልቅ ከተማ አልተከሉትም? መልሱ አፈሩ ውስጥ ነው። የኤኤም ሞገድ ቀን ላይ የሚሄደው መሬቱን ተከትሎ ነው። ድንጋያማና ደረቅ መሬት ሞገዱን ቶሎ ይበላዋል። እርጥብና ጨው ያለበት አፈር ግን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ራቅ አድርጎ ይወስደዋል። የዋትረስ አካባቢ መሬት ለዚህ የተመረጠ ነው፤ አጠገቡ ያለው የማኒቶው ሐይቅ ራሱ ጨዋማ ነው፣ ሰው የሚንሳፈፍበት። 540 ደግሞ ከኤኤሙ መስመር ታችኛው ጫፍ ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ሞገዱ መሬት ላይ የበለጠ ይሄዳል። አፈሩ፣ ዝቅ ያለው ቁጥርና የማሰራጫው ጉልበት አብረው ሲመጡ አንድ ምሰሶ ቀን በቀን ሦስት ፕሮቪንስ ውስጥ ይሰማል። ሌሊት ደግሞ ሞገዱ ከላይኛው የአየር ንብርብር እየነጠረ ከዚያም ይርቃል።

እኒያ አባት ልጅ እያሉ ቤታቸው መብራት ያልነበረው ይመስለኛል። የሳስካችዋን ገጠር በሰፊው መብራት ያገኘው በ1950ዎቹ ነው። ራዲዮ የሚሠራው በባትሪ ነበር። ባትሪው ሲያልቅ ከተማ ወስዶ ማስሞላት ነው፤ አንዳንዱ በነፋስ የምትዞር ትንሽ ጀነሬተር ጣሪያው ላይ ይተክላል። ስለዚህ ራዲዮ ዝም ብሎ ቀኑን ሙሉ አይከፈትም። የእህል ዋጋ፣ የአየር ሁኔታ፣ ዜና፣ ቅዳሜ ማታ ሆኪ። ከዚያ ይዘጋል።

ስለ ገበሬ ማኅበር ፕሮግራሙም ጠይቂያቸው። ከ1941 እስከ 1965 ሲቢሲ ከገበሬዎችና ከጎልማሶች ትምህርት ማኅበራት ጋር የሚያዘጋጀው የእርሻ ውይይት ነበር። ጎረቤቶች አንድ ቤት ይሰበሰባሉ፤ አስቀድሞ የተላከላቸውን ጽሑፍ አንብበው ይመጣሉ፤ ራዲዮውን ሰምተው ይከራከራሉ፤ የተስማሙበትን ጽፈው ይልካሉ፤ የላኩት በሌላ ጊዜ በአየር ላይ ይነገራል። አድማጩ ራሱ ይናገራል ማለት ነው። ይህን አሠራር ሕንድና ጋና ወስደው ለራሳቸው ገበሬዎች ተጠቅመውበታል። እኒያ አባት በልጅነታቸው እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ቡና ሲያመላልሱ ኖሯቸው ከሆነ፣ እባክሽ የነገሩሽን ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ ያ ሲኬዩኤ ያልከው ጣቢያ ማስታወቂያ እንኳ ብዙ የለውም። በምን ይኖራል?

መልስ፦ በአድማጩ መዋጮ። ግን እዚህ ለመድረስ ሊሞት ደርሶ ነበር።

ሲኬዩኤ ኖቬምበር 21 ቀን 1927 ከአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ጀመረ። የዩኒቨርሲቲው የማስፋፊያ ክፍል መምህራኑን በባቡርና በመኪና ወደ ገጠር እየላከ ያስተምር ነበር፤ ራዲዮ ሲመጣ ግን መምህሩ ሳይሄድ ድምፁን መላክ ተቻለ። ፕሮቪንሱ 7,000 ዶላር ሰጠ፤ በዚያ ገንዘብ የነበረ ፈቃድ ተገዛና ጣቢያው ተቋቋመ። ስለ እርሻ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ሙዚቃ ይነገር ነበር፤ ፈረንሳይኛም ይማሩበት ነበር። በ1940ዎቹ አጋማሽ የአልበርታ መንግሥት የስልክ ድርጅት ወሰደው። በ1974 ደግሞ ወደ ፕሮቪንሱ የትምህርት ስርጭት ድርጅት ተዛወረ። ዘፋኙ ሮበርት ጉሌ ታዋቂ ከመሆኑ በፊት እዚያ አስተዋዋቂ ነበር።

በ1994 መንግሥት እጁን አወጣና ጣቢያው ለአንድ ፋውንዴሽን ተሰጠ። ገንዘቡ አልበቃም። ማርች 20 ቀን 1997 ጣቢያው ጸጥ አለ። ሠራተኛው ወጣ፣ በሩ ተቆለፈ።

አድማጩ ግን አልተወውም። በየከተማው ስብሰባ ተጠራ፤ አመራሩ ይቀየር ተባለ፤ ሰው ከኪሱ አወጣ። ኤፕሪል 25 ቀን ጣቢያው ተመልሶ ድምፁን አሰማ። አምስት ሳምንት ብቻ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዋነኛ ጉልበቱ የአድማጮቹ መዋጮ ነው። እኔ ኤድመንተን በገባሁበት የመጀመሪያ ክረምት፣ እንግሊዝኛው ገና አፌ ላይ ሳይላላ፣ ሌሊት የምሰማው እሱን ነበር፤ ከምዕራብ አፍሪካ ጊታር ወደ አልበርታ የገበሬ ዘፈን ሲያልፍ ምንም አይጨነቅም። ከታክሲ ነጂው 1260 ጋር ሳወዳድረው አንድ ነገር አያለሁ። ሁለቱም ያረጁ ናቸው፣ ሁለቱም ገንዘብ አጥሯቸዋል። አንዱን የሚዘጋው ሰው ኤድመንተን አልነበረም። ሌላውን ሊዘጉት ሲሉ ባለቤቶቹ መንገድ ላይ ወጡ።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው ወይ ይህ ሁሉ? ሌላ ቋንቋ ተናጋሪውስ?

መልስ፦ አይደለም። ግን ሌላው ቋንቋ ሁሉ ታግሎ ነው የገባው።

መጀመሪያ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ናቸው። ማኒቶባ ውስጥ ሴንት ቦኒፋስ ላይ ሲኬኤስቢ ሜይ 27 ቀን 1946 ተከፈተ፤ በምዕራቡ የመጀመሪያው የፈረንሳይኛ ጣቢያ ነው። ኤድመንተን በ1949 ተከተለ፤ ሳስካችዋን ውስጥ ግራቬልበርግና ሳስካቱን በ1952። ገንዘቡን ያዋጡት ምዕመናኑና ማኅበራቱ ናቸው፤ ከኩቤክም ረዷቸው። በ1970ዎቹ ወደ ሲቢሲው የፈረንሳይኛ ክፍል ተዛወሩ።

ቫንኩቨር ላይ በ1972 ያን ቫን ብሩኸም የሚባል ከሆላንድ የመጣ ሰው ሲጄቪቢን ከፈተ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ፊደሎች የስሙ መነሻ ናቸው። ሥራው የብዙ ቋንቋ ስርጭት ነበር። በ1975 ደግሞ እዚያው ቫንኩቨር አድማጮቹ ራሳቸው አባልና ባለቤት የሆኑበት ኮኦፕ ራዲዮ ተጀመረ፤ በብዙ ቋንቋ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ዛሬም አሉት።

የነባር ሕዝቦችን ራዲዮ ግን ማለፍ አልችልም። ሰሜን ሳስካችዋን ውስጥ ላ ሮንጅ ላይ ሚሲኒፒ የሚባለው የስርጭት ድርጅት በክሪና በዴኔ ቋንቋ ያስተላልፋል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ነው። አልበርታ ውስጥ ላክ ላ ቢሽ ላይም በዚያው ዘመን ሲኤፍደብሊውኢ ተነሳ። በእነዚህ ጣቢያዎች የሚሠሩት፣ ቋንቋቸውን ሲናገሩ በአዳሪ ትምህርት ቤት ይቀጡ የነበሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። አያት በገዛ ቋንቋዋ ዜና ስትሰማ፣ ለማን እንኳን አደረሰሽ እንደሚባል፣ መንገዱ በበረዶ ስለመዘጋቱ፣ ይህ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ።

ጥያቄ፦ ቫንኩቨር የስልክ መስመር ከፍቶ ሕዝብ የሚከራከርበት ራዲዮ ከየት ጀመረ?

መልስ፦ ባጭሩ ልንገርህ፤ ራሱን የቻለ ዓምድ ይፈልጋል። ሲኬኤንደብሊው በ1944 ኒው ዌስትሚንስተር ላይ በቢል ሬይ ተከፈተና በየሰዓቱ ዜና በማሰማት ስም አወጣ። ሲጄኦአር ላይ ደግሞ ጃክ ዌብስተር የሚባል ከግላስጎ የመጣ ጋዜጠኛ ነበር። በ1955 የቫንኩቨር ፖሊስ አዛዥ በሙስና ሲመረመሩ ችሎቱን መቅዳት አይፈቀድም ነበር። ዌብስተር በአጭር ጽሕፈት ቃል በቃል ይጽፍና ማታ በራዲዮ ያነበዋል። ከተማው ሥራ ፈትቶ ይሰማው ነበር። በ1963 እስረኞች አንድ የእስር ቤት ጠባቂ አግተው ሲይዙ ጥሩልን ያሉት እሱን ነው። በዚያው ዓመት ፓት በርንስ በሲጄኦአር የስልክ ክርክሩን አፋፋመው፤ በ1965 ፕሮግራሙ ሲቋረጥ ሕዝቡ ተቆጣ።

ጥያቄ፦ ካልጋሪ ነኝ፣ ተማሪ ነኝ። ይህን ሁሉ ሰምቼ ማይክሮፎን ጋ መቀመጥ አማረኝ። ልምድ የለኝም። ማን ያስገባኛል?

መልስ፦ ያስገቡሻል። ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲጄኤስደብሊው አለ፣ 90.9 ኤፍኤም። ኤድመንተን ለሚኖሩት ሲጄኤስአር፣ 88.5። ዊኒፔግ ሲኬዩደብሊው፣ 95.9። ቫንኩቨር ሲአይቲአርና ኮኦፕ ራዲዮ። ሁሉም በበጎ ፈቃደኛ ነው የሚሠሩት፤ ድምፅ መቁረጥና የድምፅ መቆጣጠሪያ ሰሌዳውን መያዝ ራሳቸው ያስተምራሉ። መጀመሪያ የሌላ ሰው ፕሮግራም ላይ ረዳት ሆነሽ ግቢ። ስልክ አንሺ፣ ሙዚቃ አዘጋጂ፣ አዳምጪ። የራስሽን ፕሮግራም ሐሳብ ስታቀርቢ በአንድ ገጽ ጻፊው፦ ለማን ነው፣ በምን ቋንቋ ነው፣ በሳምንት ስንት ደቂቃ። የመጀመሪያው ቀን ሲደርስ ሰዓቱን ንገሪኝ፤ እከፍተዋለሁ።